ከፍቺ በኋላ ለሚስት ቀለብ የለም፤ ታዲያ ነገን በምን ትኖራለች?
ስለ ሀብት ክፍፍልና ስለ ቀለብ በጅማ ከተማ ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር ጽሑፍ

የተከበራችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤ እንደምን ዋላችሁ።

በጥብቅና ሥራዬ ፍቺ ፈልገው ወይም ፍቺ ተጠይቆባቸው የሚመጡ እናቶች ገና ከመቀመጣቸው የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ለእኔ በየወሩ ተቆራጭ ስንት ይፈረድልኛል?» ይሉኛል። መልሱን ስነግራቸው ብዙዎቹ ለማመን ይቸገራሉ። ለልጆች ቀለብ ይቆረጣል፤ ለእናትየዋ ግን የፍቺው ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ የቀድሞ ባሏ በየወሩ እንዲከፍላት የሚያስገድድ ድንጋጌ በቤተሰብ ሕጋችን ውስጥ የለም። ሃያ ዓመት ቤት ስትጠብቅ የኖረች፣ ደመወዝ የማታውቅ፣ ጉልበቷም የደከመ ሴት ብትሆን መልሱ አይለወጥም። ለተቸገረ ባልም ቢሆን ሕጉ ያው ነው።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር ከዚህ ይነሳል። የወር ቀለብ ከሌለ፣ ከትዳር ለሚወጣ ሰው የነገ ኑሮው የሚቆመው በሀብት ክፍፍሉ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ክፍፍሉን እንደ ተራ የዕቃ ቆጠራ የሚያይ ሰው የቀሪ ዘመኑን እንጀራ እየቆጠረ መሆኑን ማወቅ አለበት።

በመጀመሪያ በየትኛው ሕግ እንደምንዳኝ ላስታውስ። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። እኛ ጅማ ያለን ሰዎች የምንዳኘው በኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 69/1995 እና በማሻሻያው በአዋጅ ቁጥር 83/1996 ነው። በዛሬው ጉዳያችን ሁለቱ ሕጎች በመሠረተ ሐሳብ ስለሚቀራረቡ፣ ቁጥር ስጠቅስ ብዙ ሰው የሚያውቀውን የፌዴራሉን አንቀጽ እጠቅሳለሁ፤ ክስ የሚያዘጋጅ ሰው ግን የክልሉን ሕግ ገልጦ ተመጣጣኙን አንቀጽ ማየት ይኖርበታል። ከሁለቱም በላይ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አለ፤ በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመን እና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል።

ይህ እኩልነት በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጊዜ ፍቺን የሚያዩት የቤተ ዘመድ የሽምግልና ዳኞች ነበሩ፤ ለፍቺው ጥፋተኛ የተባለው ወገንም ከሀብቱ ድርሻ ሊቀነስበት ይችል ነበር። ዛሬም ድረስ «እሷ ናት ፍቺ የጠየቀችው፤ ስለዚህ ምንም አይደርሳትም» የሚል ወሬ በየመንደሩ የሚነገረው ከዚያ ዘመን በቀረ ትዝታ ይመስለኛል። አሁን ባለው ሕግ ፍቺ የጠየቀውም ሆነ የተጠየቀው ወገን ከጋራ ሀብቱ እኩሌታውን ይወስዳል። ጥፋት ካለ ደግሞ የሚታየው ለብቻው በካሳ መልክ ነው፤ ወደዚያ በኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የግል የሚባለው ሀብት ምንድን ነው፣ የጋራ የሚባለውስ? አንድ ሰው በጋብቻው ቀን የነበረው ንብረት የግሉ ነው። ከጋብቻ በኋላም በውርስ ወይም በስጦታ ለእርሱ ብቻ የደረሰው ንብረት የግሉ ነው፤ አንቀጽ 57 ይህንን ይላል። በትዳሩ ጊዜ ከሁለቱም የግል ጥረት የተገኘ ገቢ ሁሉ ግን የጋራ ነው። አንቀጽ 62 ከዚህም አልፎ፣ ከግል ንብረት የሚገኘውን ገቢ እንኳ የጋራ ያደርገዋል። ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ ብዙ ሰው አያውቃትም፤ ለጅማና ለአካባቢዋ ግን ከሌላው ሁሉ የምትበልጥ ናት።

ምሳሌ ልስጥ። እንበልና አንድ ሰው ከማግባቱ በፊት ከአባቱ የወረሰው የቡና ማሳ በጎማ ወረዳ ውስጥ አለው። አገባ፤ ከሚስቱ ጋር 12 ዓመት ከኖሩ በኋላ ሊፋቱ ሆነ። ማሳው የግል ይዞታው እንደሆነ ይቀጥላል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን በእነዚያ 12 ዓመታት በየወቅቱ የተለቀመው እሸት ቡና፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና)፣ በፈረሱላ እየተመዘነ ለአቅራቢ የተሸጠው ሁሉ ያመጣው ገንዘብ የጋራ ነው። በዚያ ገንዘብ ጅማ ከተማ ውስጥ ቤት ተሠርቶ ከሆነ ቤቱ የጋራ ነው። ባጃጅ ተገዝቶ ከሆነ ባጃጁ የጋራ ነው። ገንዘቡ በእርሱ ስም በባንክ ተቀምጦ ቢሆን እንኳ የጋራ ነው። ባልየው «መሬቱ የአባቴ ነው፤ ከእርሱ የወጣው ሁሉ የእኔ ነው» ቢል ልቡ የሚነግረውን ተናገረ እንጂ ሕጉን አልተናገረም።

እዚህ ላይ የሚጨመር አንድ ከባድ ነገር አለ። አሮጌው ቡና ተነቅሎ በትዳር ጊዜ አዲስ ችግኝ ተተክሎ ከሆነስ? ቡና ከተተከለ በ3 ወይም በ4 ዓመቱ ማፍራት ይጀምራል፤ እስከዚያ ድረስ ለአረሙ፣ ለጥላው ዛፍና ለለቀማው ሠራተኛ የወጣው ወጪ ከጋራ ኪስ ነው። የጋራ ገንዘብ የአንደኛውን የግል ንብረት ሲያሳድግ ሌላው ወገን መካካሻ የመጠየቅ ምክንያት ያገኛል። ሚስት ማሳውን ልትካፈል ባትችል እንኳ ለማሳው የወጣውን ልትጠይቅ ትችላለች ማለት ነው። ይህ ጥያቄ በክስ ማመልከቻ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ ግን ዳኛው ከራሱ አንስቶ አይፈርድም።

ለወንዶቹም የሚሆን ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ሕጉ ለማንም አያዳላምና። ከጋብቻ በፊት የነበረውን የግል ቤት ሸጦ በዚያ ገንዘብ ሌላ ቤት የገዛ ሰው አዲሱ ቤትም የግሌ ነው ብሎ ያስባል። ሐሳቡ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በአንቀጽ 58 መሠረት አዲሱ ንብረት የግል እንዲሆን በጥያቄው ላይ ፍርድ ቤት የግሉ ነው ብሎ መወሰን አለበት። ይህንን ሳያደርግ ዓመታት ካለፉ በኋላ በፍቺው ክርክር ላይ ከአሮጌው ቤት ሽያጭ እስከ አዲሱ ቤት ግዢ ያለውን የገንዘብ መንገድ በሰነድ ማስረዳት የሚያቅተው ሰው ብዙ ነው። አንቀጽ 63 ደግሞ ማንኛውም ንብረት በአንደኛው ስም የተመዘገበ ቢሆንም የጋራ እንደሆነ ይገመታል ይላል። ስለዚህ የማስረዳቱ ሸክም «የግሌ ነው» በሚለው ወገን ላይ ነው።

ይህ ግምት የቤት እመቤቷን የሚጠብቅ ትልቅ ጋሻ ነው። ገንዘብ ያመጣው ማን እንደሆነ፣ ስንት ብር እንዳመጣ ሕጋችን አይቆጥርም። እንጨት የለቀመችው፣ ውሃ የቀዳችው፣ ልጅ ያሳደገችው፣ ለቃሚዎችን የቀለበችው ሴት ከነጋዴው ባሏ እኩል ባለመብት ናት። ይህ በየአገሩ ያለ ነገር እንዳይመስላችሁ። በጎረቤታችን በኬንያ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሰጠው ውሳኔ፣ ክፍፍል በቀጥታ ግማሽ በግማሽ እንደማይሆንና እያንዳንዱ ወገን ያደረገው አስተዋጽኦ እንደሚታይ ወስኗል፤ በዚያ አገር ግን ፍርድ ቤት ለቀድሞ የትዳር ጓደኛ ቀለብ እንዲከፈል ማዘዝ ይችላል። እኛ ዘንድ ክፍፍሉ እኩል ነው፤ ቀለቡ ግን የለም። ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን የሚያይ ሰው የእኛ ሕግ ሁሉንም ነገር በክፍፍሉ ላይ እንደ ጣለ ይረዳል።

እንግዲህ ክፍፍሉ ይህን ያህል ከሸከመ ከዝርዝሩ የሚጎድል ነገር መኖር የለበትም። በልምዴ ቤቱና መሬቱ አይረሱም። የሚረሱት ዓይን ውስጥ የማይገቡት ናቸው። ገና ያልደረሰ የዕቁብ ዕጣ ሀብት ነው፤ የዕቁቡ ዳኛና ጸሐፊ ምስክር ይሆናሉ። ለአቅራቢ ገብቶ ዋጋው ያልተከፈለ ቡና ሀብት ነው። በዘመድ ስም የተገዛ መኪና፣ ለጓደኛ የተሰጠ ብድር፣ በስልክ ሂሳብ ላይ ያለ ገንዘብ፣ የአክሲዮን ድርሻ፣ ለሱቅ የተከፈለ ቅድመ ኪራይ፣ ሁሉም ይቆጠራል። የባንክ ሂሳብን በተመለከተ ፍርድ ቤት ባንኩን ጠይቆ መግለጫ ማስቀረብ ስለሚችል፣ ሚስት የሂሳብ ቁጥሩን ባታውቅ እንኳ የባንኩን ስም ካወቀች ተስፋ አላት። ዕዳም እንደዚሁ ነው፤ ለቤቱ ጥቅም የገባ ዕዳ የጋራ ነው፤ ለቤቱ ጥቅም ያልዋለ ዕዳ ግን የጋራ ነው ተብሎ ሲቀርብ ዝም ብሎ መቀበል አይገባም። ፍቺ ሲቃረብ ድንገት ብቅ የሚል የብድር ወረቀት ሁልጊዜ በጥርጣሬ መታየት ያለበት ነው።

ንብረት ስለ ማሸሽም መናገር አለብኝ። አንቀጽ 68 የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረትን፣ እንዲሁም ዋጋው ከ500 ብር የሚበልጥ የሚንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ ወይም ለማስተላለፍ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ዛሬ 500 ብር ምን እንደሚገዛ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ በቤት ውስጥ ያለ ዋጋ ያለው ዕቃ ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ ውስጥ ይገባል። ያለ ስምምነት የተሸጠውን ውል ለማስፈረስ የሚፈልግ ወገን ግን ሽያጩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ምንም ቢሆን ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት። «ይመለስ ይሆናል» እያሉ የሚጠብቁ ሰዎች መብታቸውን የሚያጡት እዚህ ላይ ነው። ሽያጭ ሳይፈጸም ለመከልከል የሚያስችለው ደግሞ እግድ ነው፤ እግድ ከክሱ ጋር ወዲያው መጠየቅ አለበት።

አከፋፈሉን በአጭሩ ልለፈው። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ወገን የግል ንብረቱን ያወጣል፤ የጋራ ዕዳ ይከፈላል፤ የቀረው በዓይነት ይከፋፈላል፤ ልዩነቱ በገንዘብ ይካካሳል። ሊከፋፈል የማይችል ነገር፣ ለምሳሌ አንድ ቤት፣ አንዱ ወስዶ የሌላውን ድርሻ ካልከፈለ በሐራጅ ተሽጦ ገንዘቡ ይካፈላል። በሐራጅ የተሸጠ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ከገበያው በታች ስለሚሄድ፣ በስምምነት የሚደረግ ግምት ለሁለቱም ይሻላል። የገጠር መሬትን በተመለከተ በክልሉ የገጠር መሬት ሕግ መሠረት የጋራ ይዞታ ደብተር የባልና የሚስትን ስም ይይዛል፤ በማና፣ በሰቃ ጨቆርሳ ወይም በሊሙ ያላችሁ ሰዎች ደብተራችሁን ገልጣችሁ የሁለታችሁ ስም መኖሩን ዛሬ ማታ ብታዩ በፍቺ ቀን ከመከራከር ትድናላችሁ።

አሁን ወደ ቀለቡ ልመለስ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ልቤ ስለሚታመም ትንሽ እቆያለሁ። ጋብቻው ጸንቶ እያለ ባልና ሚስት የመረዳዳትና የመደጋገፍ ግዴታ አለባቸው፤ አንቀጽ 49 ነው። የፍቺ ጥያቄ ለፍርድ ቤት ሲቀርብም ይህ ግዴታ አይቆምም። አንቀጽ 82 ፍርድ ቤቱ ጥያቄው እንደ ቀረበለት ስለ ባልና ሚስቱ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆቹ አጠባበቅና ቀለብ፣ ስለ ንብረቱ አስተዳደር ወዲያው ተገቢውን ትዕዛዝ እንዲሰጥ ያዝዛል። ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱ እንዲያስቡበት እስከ 3 ወር ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ ከዚያ በኋላም ክርክሩ ሊረዝም ይችላል። የፍቺው ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ የምትበላው የሌላት ሴት ከጠየቀች ቀለብ ልታገኝ ትችላለች። ብዙዎቹ ግን አይጠይቁም። ማመልከቻውን የሚጽፍላቸው ሰው «ፍቺ እንዲወሰንልኝ፣ ንብረት እንድካፈል» ብሎ ይጨርሰዋል። ከዚያ እናትየዋ ወንድሟ ቤት ጥገኛ ሆና፣ ዕቃዋን እየሸጠች ክርክሩን ትከታተላለች፤ በመጨረሻም ስለደከማት ብቻ ከድርሻዋ በታች ትስማማለች። እኔ ካየኋቸው በደሎች ሁሉ ይህኛው በቀላሉ ሊቀር የሚችል በመሆኑ የበለጠ ያሳዝነኛል፤ በማመልከቻው ላይ አንዲት አረፍተ ነገር ብትጨመር ይቀር ነበርና።

ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ግን ያ በር ይዘጋል። በሕጉ ቀለብ የመስጠት ግዴታ ያለባቸው ተብለው የተዘረዘሩት ወላጆችና ተወላጆች፣ ቀጥተኛ የጋብቻ ዘመዶች፣ ወንድሞችና እህቶች ናቸው፤ የቀድሞ የትዳር ጓደኛ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የሚቀረው አንቀጽ 84 ነው፤ ለጋብቻው መፍረስ ኃላፊ የሆነው ወገን በሌላው ላይ ላደረሰው ጉዳት፣ ፍትሕ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ካሳ እንዲከፍል ሊወሰን ይችላል። ካሳው ግን ጥፋትንና ጉዳትን ማስረዳት ይጠይቃል፤ ምንም ጥፋት ሳይኖር ሁለቱ ተሰላችተው ከተለያዩ ሃያ ዓመት ያለ ገቢ የኖረችው ሴት በካሳ በር አትገባም።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ሕጉ በዚህ በኩል ጎዶሎ ነው፤ ሊሞላም ይገባል። ዕድሜ ልክ ይቆረጥ አልልም። አንደኛው ወገን በትዳሩ ስምምነት ከሥራ ቀርቶ ከሆነ፣ ራሱን እስኪችል ድረስ ለተወሰነ ጊዜ፣ የሌላው ወገን አቅም ታይቶ የሚሰጥ ቀለብ ሊኖር ይገባል። ለመካፈል የሚበቃ ሀብት ለሌለው ቤት ደግሞ እኩል ክፍፍል ማለት ባዶን ለሁለት መክፈል ነው፤ የደመወዝተኛው ባል ደመወዝ ግን ነገም አብሮት አለ። የእኩልነቱ መርሕ እንዲህ ባለው ቤት ውስጥ የሚያመጣው ውጤት እኩል አይደለም።

ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ግን በእጃችን ያለ አንድ መንገድ አለ፤ ስምምነት። የጋብቻ ውል በጽሑፍ ሆኖ ከየወገኑ ሁለት ሁለት፣ በጠቅላላው በአራት ምስክሮች ፊት የሚደረግ ሲሆን፣ የሀብት ግንኙነትን ሊደነግግ ይችላል። በስምምነት የሚፋቱ ሰዎችም የፍቺውን ውጤት ራሳቸው ጽፈው ለፍርድ ቤት ያቀርባሉ፤ ፍርድ ቤቱም ከሕግና ከሞራል ጋር የማይጋጭ መሆኑን አይቶ ያጸድቀዋል። በዚህ ወረቀት ላይ «ባል ለሚስት ለዚህን ያህል ዓመት በየወሩ ይህን ያህል ብር ይከፍላል» ተብሎ ቢጻፍ የሚከለክል የለም። ስለዚህ ሽማግሌዎች ሆይ፣ ይህ ቃል ለእናንተም ነው። ስታስማሙ ሴቲቱ «ልብሴንና ዕቃዬን ይዤ ልሂድ» ስትል ትሕትናዋን አትቀበሉላት። ደክሟት ነው የምትለው። ስለ ሀብቱ ዝርዝር ጠይቁ፣ ስለ ነገ መተዳደሪያዋ ጠይቁ፣ ከዚያ ጻፉ።

ስለ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሳልናገር ከጅማ ብወጣ ንግግሬ ጎዶሎ ይሆናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲታይ ይፈቅዳል። ፈቃድ የሚለው ቃል የነገሩ ቁልፍ ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በ1996 ዓ.ም. በአንድ የውርስ ጉዳይ ላይ ያለ ፈቃድ የተሰጠ የሸሪዓ ፍርድ እንደማይጸና አረጋግጧል። ምርጫው ከባድ የሚሆነው ሁለቱ ሥርዓቶች ሀብትን በተለያየ መንገድ ስለሚያዩ ነው። በሸሪዓው ጋብቻ በራሱ የጋራ ሀብት አይፈጥርም፤ የእያንዳንዱ ሀብት የእያንዳንዱ ሆኖ ይቀጥላል። በአንጻሩ ሴቲቱ ያልተከፈላት መህር (ባል ለሚስት የሚሰጠው የጋብቻ ስጦታ) ካለ ይከፈላታል፤ እንደ ፍቺው ዓይነት በዒዳዋ (ከፍቺ በኋላ ሳታገባ በምትጠብቅበት ጊዜ) ወራት፣ ነፍሰ ጡር ከሆነችም እስክትወልድ ድረስ ነፈቃ፣ ማለትም ቀለብ፣ ይገባታል። የትኛው ለእርሷ እንደሚበጅ በቤቱ ውስጥ ባለው ሀብትና በእምነቷ መካከል ሆና የምትመርጠው ራሷ ናት፤ ማንም አይምረጥላት። ሳትረዳው ግን እንዳትፈርም፤ ከመጥሪያም እንዳትቀር። በፌዴራሉ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደ ፈቀደ ይቆጠራል፤ አንዴ ፈቅዶ የገባም ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት አይመለስም። በክልላችን ያለውን ሥርዓት ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

ጠበቃ ለመያዝ አቅም የሌላችሁ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነፃ የሕግ ድጋፍ ተጠቀሙ። ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጆች የልደት ወረቀት፣ የይዞታ ደብተር ቅጂ፣ የቤት ግዢ ውል፣ የባጃጅ ሊብሬ ቅጂ፣ የዕቁብ ደብተር፣ ያገኛችሁትን ሁሉ ያዙ። ጊዜውም ጥቅምት ወይም ኅዳር ከሆነ ለቀማው ሳያልቅ፣ ቡናው ከአልጋ ሳይነሳ፣ ለአቅራቢው የገባበትን የሚዛን ደረሰኝ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ ቡናው ከተጫነ በኋላ ስንት ፈረሱላ እንደነበር ለዳኛው የሚነግራችሁ ሰው ማግኘት እጅግ ይከብዳችኋል።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ወደ ፊት ኑ።